የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በምን ይመዘን?

የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፋቱ የሚያስመሰግን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናት ሌላ «ኦ ክፍል»ንና የልጅ ለልጅ ትምህርትን በአማራጭነት አስገብቷል። ይሁን እንጂ የተመዝጋቢው ቁጥር ብቻውን የትምህርት ውጤት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የአንደኛ ክፍልን ውጤት ማነጻጸርም አይበቃም። እንደ ገላን ኮንዶሚኒየም ባለ፣ ነዋሪው በዕጣና በኪራይ ከየአቅጣጫው በተሰባሰበበት ሠፈር፣ ሕፃናት በአንድ ወንበር ቢቀመጡም የቤታቸው ቋንቋና የወላጆቻቸው የትምህርት ደረጃ ይለያያል። መነሻቸው ሳይታወቅ መድረሻቸውን ብቻ መለካት የቤትን ድርሻ ለመምህሩ፣ የመምህሩን ድካም ለቤት መስጠት ይሆናል። ስለዚህ ሕፃኑ ሲገባ የሚችለው ነገር ይመዝገብ፤ ማስታወሻውም ለአንደኛ ክፍል መምህሩ ይተላለፍ። አለዚያ ብዙ ያስተማረውን ክፍል ነቅፈን ጥቂት ያስተማረውን ልናመሰግን እንችላለን።