ንጉሠ ነገሥቱን እንዲያስተምር የታዘዘው አሻንጉሊት

ፒኖክዮን የማያውቅ ልጅ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። በስደት ምድር የምናሳድጋቸው ልጆቻችንም ከስንዝሮ ቀድመው የሚያውቁት እሱን ነው፤ ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመውን፣ በመጨረሻም አመሉን አርሞ እንደማንኛውም ልጅ ሥጋ የሚለብሰውን የእንጨት አሻንጉሊት። ይኸው አሻንጉሊት ፋሽስቶች አገራችንን በያዙበት ዘመን በእኛም ላይ እንዲዘምት መደረጉን ግን ከእኛም ከጣሊያኖችም ብዙው ሰው አያውቅም። በ1939 ቺሪሎ ስኪዞ በሚል የደራሲ ስም የወጣ አንድ የልጆች መጽሐፍ ርእሱ ‹‹ፒኖክዮ የንጉሡ አስተማሪ›› ይላል። ንጉሡ የተባሉት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትምህርት ቤት ሲኮበልል የምናውቀው አሻንጉሊት በምን ተአምር የንጉሠ ነገሥት አስተማሪ ለመሆን በቃ? ‹‹ፋሽስቶች አንድ ንጹሕ መጽሐፍ አበላሹ›› ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል አይመስለኝም። ፒኖክዮን መለወጥ የጀመሩት ፋሽስቶች አይደሉም፤ ለውጡ የተጀመረው አሻንጉሊቱ በተወለደባት በሮም፣ ያውም በገዛ ደራሲው እጅ ነው።

ሐምሌ 7 ቀን 1881 በሮም ‹‹ጆርናሌ ፔር ኢ ባምቢኒ›› (የልጆች ጋዜጣ) የተባለ ሳምንታዊ የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። በዚያ እትም ላይ የፍሎሬንሱ ተወላጅ ካርሎ ሎሬንዚኒ፣ በብዕር ስሙ ካርሎ ኮሎዲ፣ ‹‹የአንድ አሻንጉሊት ታሪክ›› የሚል ተከታታይ ጽሑፍ ጀመረ። ታሪኩ የድኻ ቤት ታሪክ ነው። ጄፔቶ በብርድ ካፖርቱን ሸጦ ለልጁ የፊደል መጽሐፍ ይገዛለታል፤ ልጁ መጽሐፉን ሸጦ የአሻንጉሊት ትያትር ይገባበታል። ምክር የምትሰጠውን ተናጋሪ ፌንጣ በመዶሻ ብሎ ይገድላታል። በአሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በጥቅምት 1881፣ ወንበዴዎች ከትልቅ የባሉጥ ዛፍ ላይ ይሰቅሉትና ታሪኩ እዚያው ያልቃል። እስከዚያ ድረስ የአፍንጫው መርዘም ከውሸት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ልጅ ሆኖ ሥጋ መልበስ የሚባል ተስፋም አይነሳም። ዓለም ሁሉ ፒኖክዮ ሲባል የሚያስታውሳቸው ሁለቱ ነገሮች በመጀመሪያው ፒኖክዮ ውስጥ የሉም ማለት ነው።

ትንንሾቹ አንባቢዎች በአሻንጉሊቱ ሞት ስላዘኑ ታሪኩ በየካቲት 1882 ‹‹የፒኖክዮ ጀብዱዎች›› በሚል አዲስ ርእስ ቀጠለ፤ በጥር 1883 ተፈጸመ፤ በዚያው ዓመትም ፍሎሬንስ ውስጥ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ባለሰማያዊ ጸጉሯ እመቤት አዳኝና አስታማሚ ሆና የምትቀርበው፣ በውሸት የሚረዝመው አፍንጫም የሚመጣው በዚህ ክፍል ነው። በመጨረሻም ጨዋ፣ ሠራተኛና ታዛዥ የሆነ ልጅ ወንበር የተደገፈውን የድሮ እንጨት ገላውን እያየ ይገረማል። እንግዲህ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ፒኖክዮ አለ፤ ማንም ሊያዘው የማይችለው የተሰቀለው አሻንጉሊት እና የታረመው ልጅ። ከዚያ ወዲህ የመጣ አላማጅ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን መርጧል።

በነገራችን ላይ የልጆች ጋዜጣው መሥራች ማን ነበር? ስሙን እኛ ከሌላ ታሪክ እናውቀዋለን። ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ነው፤ ከ1897 እስከ 1907 የኤርትራ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያው ሲቪል ገዥ። በ1891 ቅኝ ግዛቷን ከጎበኘው መርማሪ ኮሚሽን አባላት አንዱ ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኢትዮጵያን እናሠለጥናለን የሚለውን ወሬ እንደማያምንበት ይገልጽና መፍትሔው አንዱን ዘር በሌላው መተካት እንደሆነ ይከራከራል። በዚህ እንኳ አፍንጫው አልረዘመም። በ1892 እና በ1893 የጣሊያን የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ገዥ ሆኖ ሲመጣ ከዓድዋ ተምሮ ከአፄ ምኒልክ ጋር በሰላም መኖርን መረጠ፤ ይህን አንነፍገውም። ሆኖም ለጣሊያን ልጆች ጋዜጣ የመሠረተውና በትምህርት ሚኒስትርነት የተሾመው ሰው ለሚገዛው ሕዝብ ልጆች ስለ ትምህርት ግድ አልነበረውም። ጄፔቶ ካፖርቱን የሸጠለት የፊደል መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ የታሰበ አልነበረም።

ፋሽስቶች ሲመጡ ፒኖክዮን ለመመልመል ጊዜ አላጠፉም። ሙሶሊኒ ሥልጣን በያዘ ማግስት፣ በ1923፣ ጁዜፔ ፔትራይ ‹‹የፋሽስቱ ፒኖክዮ ጀብዱዎችና የቅጣት ዘመቻዎች›› የተባለ መጽሐፍ አወጣ። ‹‹የቅጣት ዘመቻ›› ባለጥቁር ሸሚዞቹ ተቃዋሚዎቻቸውን በዱላና በጉሎ ዘይት ለሚያሰቃዩበት ወረራ የሰጡት ስም ነው። በ1927 ያው ስኪዞ የተባለው ደራሲ ፒኖክዮን በፋሽስቱ የሕፃናት ድርጅት በባሊላዎች መካከል አሰለፈው። ከዚያ በ1939 ወደ እኛ ዞረ። እነዚህን መጻሕፍት ሉቺያኖ ኩሬሪ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በ2008 ሰብስቦ ‹‹ፒኖክዮ በጥቁር ሸሚዝ›› በሚል ርእስ ስላሳተማቸው ዛሬ ማንም አልነበሩም ሊል አይችልም።

የ1939ኙን ርእስ ከዘመኑ ጋር አያይዘን እንመልከተው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1937) የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያ ጭፍጨፋና በተከታዩ አደን በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶቻችን እየተለቀሙ ተረሽነዋል። በኤርትራ የአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተገድቧል። ታዲያ የተማረውን የገደለና ሊማር የሚችለውን የከለከለ መንግሥት የላከው ‹‹አስተማሪ›› ማን ነው? የፊደል መጽሐፉን ሸጦ ትያትር የገባው አሻንጉሊት! በኮሎዲ ዘንድ ፒኖክዮ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ነው፤ ስቆ፣ ተታልሎ፣ ተርቦ፣ አልቅሶ ይማራል። ፋሽስቱ ከዩኒፎርሙ የበለጠ የለወጠው ይህን ነው። ተማሪነቱን ቀምቶ አስተማሪ አደረገው። ለመማር እምቢ ያለ ግብዝ ሌላውን ላስተምር ሲል ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለገ ከዚያ ርእስ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ይህን ማድረግ የቻሉት የታረመውን ልጅ ስላገኙ ነው። ታዛዥ ልጅ አንዴ ከተገኘ የሚታዘዘውን መቀየር ቀላል ነው፤ ትናንት አባቱን፣ ዛሬ ዱቼውን። ሊወስዱት ያልቻሉትም አለ። በመጽሐፉ አሥራ ዘጠነኛ ምዕራፍ ፒኖክዮ የወርቅ ገንዘቡን በቀበሮና በድመት ተዘርፎ ዳኛ ዘንድ ይከሳል። ዳኛው ትልቅ ጎሪላ ነው፤ በርኅራኄ ካዳመጠ በኋላ የተዘረፈውን ልጅ ወኅኒ ይልከዋል። ለወንጀለኞች ምሕረት ሲወጣም ፒኖክዮ ሊፈታ የቻለው ‹‹እኔም ወንጀለኛ ነኝ›› ብሎ ነው። አገሩ ተወርሮበት በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ብሎ ማዕቀብ ተነሥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሕዝብ ይህን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ሌሎቹም አገሮች ያሻቸውን መርጠዋል። አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1936 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አሌክሴይ ቶልስቶይ አሻንጉሊቱን ቡራቲኖ ብሎ እንደ አዲስ ጻፈው፤ የእሱ አሻንጉሊት የትያትሩን ጌታ ይረታል እንጂ ሥጋ አይለብስም። የ1940ው የዋልት ዲዝኒ ፊልም ረኃቡን ከቤቱ አስወጥቶ፣ የተገደለችውን ፌንጣ የልጁ ኅሊና አድርጎ ሾማት። ልጆቻችን የሚያውቁት ይህን ነው፤ ውብ ነው፣ ግን ድኻ የለበትም። በ1972 ሉዊጂ ኮሜንቺኒ ለጣሊያን ቴሌቪዥን ሲሠራው ረኃቡንና ብርዱን መለሰለት። በ2022 ሜክሲኳዊው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ታሪኩን በሙሶሊኒ ዘመን አስቀምጦ፣ አለመታዘዝን ጥፋት ሳይሆን ክብር አደረገው፤ የእሱ ፒኖክዮ በዱቼው ፊት በዱቼው ላይ ያላግጣል፤ እስከ መጨረሻውም እንጨት ሆኖ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ለተሰቀለው አሻንጉሊት የታመነው ይህ ፊልም ነው። ያም ሆኖ ታሪኩ ከጣሊያን ምድር አይወጣም፤ እነዚያ የሰለጠኑ ልጆች አድገው የት እንደዘመቱ አይነግረንም። ያንን መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

‹‹የልጆች ተረት ይዞ ይህን ያህል ምን ያስጮኻል?›› የሚል አይጠፋም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በሮም ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ በዶጋሊ ለሞቱት ‹‹አምስት መቶ›› ወታደሮች መታሰቢያ ስም ይጠራል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ በዚያች ከተማ ቆሞ እስኪመለስ እስከ 2005 ጠብቀናል። በ2012 ደግሞ ከሮም ብዙም በማትርቀው በአፊሌ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ‹‹ጣሊያኖች እኮ ደጎች ነበሩ›› የሚለው አባባል የሚኖረው የልጅ መጽሐፍ እንኳ ለጦርነት እንደዋለ ስለተረሳ ነው።

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ሕፃናት ምን ይዘምሩ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ልጅን ታዛዥ አድርጎ የማሳደግ ምኞት የፋሽስት ብቻ አይደለም፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ ከቂም በላይ የሚሆነው።

መጽሐፉ ይወገዝ የምል እንዳይመስላችሁ። ይነበብ፤ ግን ሙሉው ይነበብ። ከልጆቻችን ጋር ፊልሙን ስናይ ጎሪላውን ዳኛም እንንገራቸው፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ የ1939ኙን መጽሐፍ። የተሰቀለውን አሻንጉሊት ያወቀ ልጅ ነገ ማንም መጥቶ ‹‹ላስተምርህ›› ሲለው፣ አስተማሪው ራሱ የት እንደተማረ መጠየቅ አያቅተውም።