ወርቅ የማይሻ ዘፈን፤ ስለ «ካውንትዳውን» እና ስለ አድማጮቹ ሙግት የቀረበ ሐተታ

ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው መንኰራኩር ጆን ያንግንና ሮበርት ክሪፕንን ይዛ ከፍሎሪዳ ጠረፍ ስትመጥቅ፣ ከተመልካቾቹ መካከል ራሽ የተባለው የካናዳ ቡድን ሦስት ሙዚቀኞች እንደነበሩ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላም ጳጉሜን 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ባወጡት «ሲግናልስ» በተሰኘው አልበም መጨረሻ ላይ ያዩትን ሁሉ «ካውንትዳውን» በሚል ዘፈን እንዳኖሩት የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነውና በዚያ ላይ አልዘገይም። የምዘገየው አድናቂዎቹ ከአርባ ዓመት በላይ ስለዚህ ዘፈን ሲከራከሩ በኖሩት ክርክር ላይ፣ ይልቁንም በክርክሩ መካከል ደጋግሞ በሚነሣውና እኔ ፍርደ ገምድል በምለው አንድ ክስ ላይ ነው።

ክሱ እንዲህ ነው። የቡድኑ የግጥም ደራሲና ድራም መቺ ኒል ፔርት በሌሎች ሥራዎቹ ስለ ነፃ ፈቃድ፣ ስለ ፍርሃት ኃይል፣ በከተማ ዳርቻ ስለሚያድግ ወጣት ብቸኝነት በጥልቀት የተመራመረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ሲደርስ ግን ያየውን በተርታ ከመዘርዘር በቀር የጨመረው ምሥጢር የለም፤ ስለዚህም ዘፈኑ ዜማ የለበሰ የጋዜጣ ወሬ ነው ይባላል። ይህን ክስ የሚቃወሙት ወገኖችም ብዙ ጊዜ የሚከላከሉት በከሳሾቹ ሚዛን ነው፤ መንኰራኩሯ የሰው ልጅ ትዕቢት ምሳሌ ናት፣ ወይም የቡድኑ የራሱ ዕጣ ፈንታ ናት እያሉ ደራሲው ያልቀበረውን መዝገብ ሊቆፍሩ ይደክማሉ። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሌሎቹም እንደ ዝርዝር አሳዳጅ የሚያዩአቸው ሦስተኛ ወገን አሉ፤ እነዚህ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ በሬዲዮ ስለሚሰማው ድምፅ ባለቤት ይጠያየቃሉ። እኔ እውነተኞቹ ሐያስያን እነርሱ ናቸው እላለሁ።

ባለፈው መስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገና ከገቡት የሰፈራችን ልጆች አንዱ፣ ክትፎው ተበልቶ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት ይህን ዘፈን ከስልኩ ከፍቶ አሰማን፤ የግጥሙን ፍሬ ነገር በአማርኛ ባጫውተው ጊዜ «ጋሼ፣ ሰሙንስ ሰማን፤ ወርቁ የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛውም ወርቅ ከሌለው ዜና እንጂ ዘፈን አይባልም ብሎ ደገፈው። ሁለቱ ልጆች የፍሎሪዳን ጠረፍ ሳያዩ፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን ሙግትም ሳይሰሙ፣ እዚያ ከሚነሣው ክስ ጋር አንድ ቃል መሆናቸው ነገሩን እንድመረምር ግድ አለኝ።

እኛ ዘፈን የምንሰማው እንዲህ ነውና። አዲስ ዜማ በወጣ ቁጥር ማንን ነካ፣ ማንን ሸነቆጠ የሚለው ጥያቄ ከዜማው ቀድሞ በየቡና ቤቱ ይዞራል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ብሶትን በፍቅር ቃል ሸፍኖ ካልሆነ በቀር መናገር የማይቻልበት ዘመን ረዥም ነበር፤ የጥላሁን ገሠሠን «አልቻልኩም» ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ጋር እያያዘ የተረጎመው አድማጭም በዚያ ዘመን ጆሮ መስማቱ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠባያችንን «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ ግን፣ እኛም ራሳችን መላው ኪነ ጥበባችን በዚህ አንድ በር ብቻ የሚገባ መስሎን፣ በር ያልሆነውን ሁሉ ግድግዳ አድርገን ቆጠርነው። ይህ ለቅኔው ከሚገባው በላይ የሆነ፣ ለቀረው ሀብታችን ግን ንፉግ የሆነ ውዳሴ ነው።

ሊቃውንቱ እንዲህ አልነበሩም። በቅኔ ቤት ምሥጢር የሚሰውረው ደቀ መዝሙር በመልክእ ሲያወድስ የቅዱሱን ራስ፣ ዐይን፣ እጅ፣ እግር በየተራው እየጠራ፣ በእያንዳንዱ አምስት ቤት እየደረደረ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ ከአንዱ ብልት በስተጀርባ ሌላ ብልት አይሸሽግም፤ ስንክሳርም ወሩንና ቀኑን ጠርቶ በዚህች ቀን ይህ ሆነ ይላል እንጂ አይሠውርም። የመጻሕፍት መምህሩም አንድምታውን ከማስከተሉ አስቀድሞ ቃሉን ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው፣ በምን ምክንያት ተናገረው ብሎ ታሪኩን ያጠናል፤ ይህን የዘለለ ደቀ መዝሙር ያፍራል። እንግዲህ «ካውንትዳውን» በመልክእ ሥርዓት፣ አድማጮቹም በታሪክ አጥኚው መምህር ሥርዓት ሊመዘኑ ይገባ ነበር።

ወርቅ ፍለጋ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ደግሞ ከእኛው ምድር የሚነሣ ምስክር አለ። ቢትልሶች በ1959 ዓ.ም. ያወጡት ሉሲ የምትባል ልጅ በአልማዝ ሰማይ ላይ የምትታይበት ዘፈን የአደንዛዥ ዕፅ ስም በርእሱ ፊደላት ሰውሯል ተብሎ ዓለም ሁሉ ሲያወራ፣ ጆን ሌነን ትንሹ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት ከመጣው ሥዕል የተነሣ ነው እያለ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተባበለ፤ ፊደል ቆጣሪዎቹ ግን አልሰሙትም። ይሁን እንጂ ይህን ዘፈን ወደ ጠፈር ያደረሰው ያ የተባለለት ምሥጢር አልነበረም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ በሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልንጀሮቹ ያን ጥንታዊ አፅም ባገኙበት ዕለት ማታ በሰፈራቸው ከቴፕ ደጋግመው ያሰሙት ዘፈን ስለነበረ ስሙ ለአፅሟ ተሰጠ፤ ከአፅሟም ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ጁፒተር ቀዳሚና ተከታይ አለቶች ለተላከችው መንኰራኩር ተላለፈ። ያቺ መንኰራኩር ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በመንገዷ ያለፈችበት ትንሽ አለት ድንቅነሽ ይባላል፤ እርሱን የሚዞረው ጓደኛውም በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተብሏል። በአንደኛው መሣሪያዋ ውስጥ እውነተኛ አልማዝ መኖሩን ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ዘፈኑን እዚያ ያደረሰው በዚያች ሌሊት፣ በዚያ ስፍራ፣ በእነዚያ ሰዎች ጆሮ መሰማቱ ነው።

ስለ ጠፈር የተዘፈኑት ሌሎች ታዋቂ ሥራዎች ከማየት አልተወለዱም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው «ቴልስታር» ቃል የሌለው ዜማ ነው፤ አፖሎ 11 ከመምጠቁ አምስት ቀን አስቀድሞ የወጣው የዴቪድ ቦዊ «ስፔስ ኦዲቲ» ከፊልም፣ ያንግ በአፖሎ 16 ወደ ጨረቃ በሄደበት በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. የተሰማው የኤልተን ጆን «ሮኬት ማን» ደግሞ ከልብ ወለድ ታሪክ የተቀዱ ናቸው። ፔርትና ባልንጀሮቹ ግን ቆመው አይተዋል። ሚያዝያ 2 ቀን የተያዘው ጉዞ የመንኰራኩሯ ኮምፒውተሮች ጊዜያቸው እርስ በርስ ባለመግጠሙ ሲቀር፣ የትርኢት ግዴታቸውን ሊፈጽሙ ሄደው እንደገና ተመለሱ፤ ሁለተኛው ቀን ጋጋሪን ወደ ጠፈር ከወጣ ልክ 20ኛ ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ ዝርዝር አሳዳጆቹ ልመለስ። ግጥሙ በጽልመት ይጀምራል፤ ሄሊኮፕተሮች ሌሊቱን በፋና ይከፍላሉ፤ መንኰራኩሯ በሩቅ ጭጋግ ውስጥ በብርሃን ተከብባ እንደ ተኛ ነጭ ዘንዶ ትተነፍሳለች፤ ድምፅ ማጉያውም ቆጠራው ከዘጠኝ ደቂቃ ላይ እንደገና መቀጠሉን ያውጃል። ከሳሹ ይህን «ነጭ ዘንዶ» ተራ ጌጥ አድርጎ ሲያልፈው፣ ዝርዝር አሳዳጁ ግን ቆም ብሎ ያስተውላል፤ ውጫዊው የነዳጅ ታንክ በነጭ ቀለም የተቀባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ብቻ ነበርና፤ ከዚያ በኋላ 270 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት ለመቀነስ ቀለሙ ቀርቶ ታንኩ በዛገ ብርቱካናማ መልኩ ተተወ። እንግዲህ ነጭ ማለቱ ዐይኑ ያየውን መመስከሩ ነው፤ ከዓመት በኋላ በቴሌቪዥን አይቶ የጻፈ ሰው ነጭ አይልም ነበር። ዘጠኝ ደቂቃውም እንዲሁ ለቤት መምቻ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ ቆጠራው በሥርዓቱ የሚያርፍባትና ከዚያ የሚቀጥልባት ሰዓት ናት። እንዲህ ያለውን ነገር መርምሮ ማረጋገጥ ከሥነ ጽሑፍ ውጭ የሆነ ተግባር መስሎ የሚታየው ሰው፣ በአንክሮ የተጻፈ ግጥም ሁሉ ያለ ትክክለኛ ዐይን ሊቆም እንደማይችል አልተረዳም።

ይህን ስል ነቀፋ የለብኝም ማለት አይደለም። በሕዝቡ መካከል ስለነበረው ጉጉት የሚናገርበት ስንኝ ከዕለት ንግግር የተነሣ፣ ብዙ አፍ ያደከመው ዘይቤ ነው፤ ሄሊኮፕተሩን፣ እንፋሎቱን፣ የማይነቃነቀውን ወበቃማ አየር እንዲህ አጥርቶ ያየ ሰው የሰውን ልብ ሲያይ ለምን ዐይኑን ጨፈነ? ያችን ስንኝ በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ሌላውን ሁሉ የሸከፈች መጥፎ ስፌት ናት። አድናቂዎቹም ይህን አይሰውሩም፤ ከማንኛውም ባለሙያ ሐያሲ ይልቅ እርሷን አጥብቀው የሚወቅሱት ዘፈኑን የሚወዱት ናቸው። ጊታሩ በሲንተሳይዘር ተውጧል የሚለውን ሁለተኛ ቅሬታቸውን ግን አልቀበልም፤ እርሱ የመላው አልበም ጠባይ ነው፣ በዚህ ዘፈን ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው እሳቱ ከምድር ተነቅሎ ከሄደ በኋላ የሚመጣው ስፍራ ነው። ጢሱ በሰማይ ይዘገያል፤ ደራሲውም በደመና ዓምድ ይመስለዋል። ለእኛ አንባቢዎች ይህ ቃል እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘፀአት እስራኤልን በቀን የመራ ዓምደ ደመና፣ በሌሊት ያበራ ዓምደ እሳት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት፤ በዘፀአት ዓምዱ ከፊት ይሄዳል፣ ሕዝቡም ይከተለዋል፤ ዓምዱ በቆመ ጊዜ ሕዝቡ ይሰፍራል፣ በተነሣ ጊዜ ይጓዛል። በፍሎሪዳ ግን እሳቱ ብቻውን ሄደ፣ ደመናው ከሕዝቡ ጋር ቀረ። ማንንም አይመራም፤ የሄደውን ብቻ ያመለክታል። ፔርት ይህን በምሥጢር ሊጭንብን አልሞከረም፤ ያየው ጢስ ዓምድ ይመስል ስለነበር ዓምድ አለው። የአገናው ልጅ የጠየቀው ወርቅ ካለ እዚህ ነው፤ የመጣውም ሰሙን በታማኝነት ከመናገር ነው።

በዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅ ሌላው ሊዘገዩበት የሚገባ ብልሃት ነው። የጠፈርተኞቹና የመቈጣጠሪያው ሰዎች ድምፅ ቀጥኖ፣ ተሸራርፎ በመሣሪያዎቹ መካከል ይመጣል፤ የዘፋኙ የጌዲ ሊ ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ ሥፍራ ለቆላቸው ይርቃል። ድራሙ እንደ ሞተር ይመታል ብለው የሚያደንቁ አሉ፤ እኔ ግን ከድራሙ ይልቅ ዝምታውን አደንቃለሁ፤ ዘፋኙ በራሱ ዘፈን ውስጥ አድማጭ ይሆናልና። ዝርዝር አሳዳጆቹ የትኛው ድምፅ የያንግ፣ የትኛው የክሪፕን መሆኑን ለይተው ሲከራከሩ፣ በመነሻው ሰዓት የክሪፕን ልብ በደቂቃ 130 ያህል ጊዜ እንደመታ፣ ቀድሞ አራት ጊዜ ጠፈር የወጣው ያንግ ግን ወደ 90 ገደማ እንደነበረ ያስታውሳሉ፤ ይህን ያወቀ ጆሮም የአንዱን ቃል መጣደፍና የሌላውን መርጋት በዚያች ቀጭን ድምፅ ውስጥ ለይቶ ይሰማል። ይህን ያስተማሩኝ እነዚሁ አድማጮች ናቸው፤ የታተመ ሂስ አላስተማረኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘፈኑ አርጅቷል የሚሉትን እጅግ እቃወማቸዋለሁ። ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባት ሰዎችም አለቁ። አደጋው ግን የተፀነሰው በመመለሻው አልነበረም፤ ከመጠቀች 82 ሴኮንድ ገደማ ሲሆናት ከነዳጁ ታንክ የተገነጠለ የአረፋ ልባስ የግራ ክንፏን መትቷት ነበር። ይህ ዘፈን በደስታ የሚያወድሳት ያቺው ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ የሚያጨበጭብባት ደቂቃ፣ በሌላ ቀን ሞትን የተሸከመች ሆነች። ፔርት ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ቢያውቅና ፍርሃትን ቢቀላቅልበት ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ያነሰ ዘፈን ይሆን ነበር። በሙግቱ ውስጥ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ድምፃቸው የተለወጠው አድማጮች፣ የመርከቢቱን ስም ሲጠሩ እንደ ሟች ወዳጅ ስም የሚጠሩት፣ በዘፈኑ ላይ አዲስ ትርጉም አልጨመሩም፤ የዚያን ንጋት ደስታ ሳይበርዙ ጠብቀውልናል። ይህን ጥበቃ ከሂስ ሁሉ አስበልጬ አከብራለሁ።

አልበሙ በሰባተኛው ዘፈን፣ ተሰጥኦአቸው በዕድሜ የከዳቸውን የአንዲት ዳንሰኛና የአንድ ደራሲ ኀዘን በቤን ሚንክ ቫዮሊን በሚያሰማው በ«ሉዚንግ ኢት» ማለቅ ነበረበት የሚሉ አድናቂዎች ብዙ ናቸው፤ ከነሐዘኑ ቢቀር ይሻል ነበር ባዮች ናቸው። በዚህስ አልስማማም። ችሎታው እየከዳው ስለሚሄድ ሰው ከዘፈነ በኋላ ደራሲው ስለ ራሱ ሊጨምር የሚችለው ቃል አልነበረም፤ ስለዚህ ራሱን ትቶ ሌሎች የሠሩትን ሊያይ በሌሊት ተነሥቶ ሄደ፣ በሕዝቡ መካከልም እንደ ማንኛውም ተመልካች ቆመ። ፔርት በ2012 ዓ.ም. በልደት በዓል ዕለት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ካረፈ በኋላ ሁለቱን ዘፈኖች በተከታታይ የሰማ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ይጠይቃል ብዬ አላምንም፤ ስምንተኛው ያለ ሰባተኛው የአንድ ጉዞ ዘገባ፣ ሰባተኛውም ያለ ስምንተኛው መውጫ የሌለው እንጉርጉሮ ይሆን ነበርና።