ከፌስቲቫሉ ማግስት፦ የፈጠራ ጽሑፍ ዐውደ ጥናት ከኡራን ሲታይ

የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል በተዘጋጀ ቁጥር ከመድረክ ንባቡና ከመጽሐፍ ሽያጩ ጎን ለጎን የፈጠራ ጽሑፍ ዐውደ ጥናት አይጠፋም። ስም ያለው ደራሲ ጀማሪዎችንና መጽሐፍ ያሳተሙ ባልደረቦቹን ለሁለት ለሦስት ቀን ሰብስቦ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ስለ ምልልስ፣ ስለ ታሪክ አወቃቀር ያስተምራል። ተሳታፊው ያመጣውን ገጽ ያነባል፤ አስተያየት ይሰጠዋል፤ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል። በማግስቱ ግን ያንን ገጽ እንደገና የሚያይለት ሰው የለም። የአሠራሩ ዋና ጉድለት ያለው እዚህ ማግስት ላይ ነው። ከዋና ከተማ እየራቅን፣ ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ መድረክም እየወጣን በሄድን መጠን ጉድለቱ ይብሳል። ጉዳዩን ከኡራን አንጻር ማየት የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ኡራን በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ የምርጫ ክልል በሶሎሎ አካባቢ ለኢትዮጵያ ድንበር ቀርቦ የሚገኝ ዋርድ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ቦረና ሲሆን የሚናገረውም ከአፋን ኦሮሞ ዘዬዎች አንዱ የሆነውን ቦረንኛን ነው። ድንበሩ ለሁለት የከፈላት ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መጻፍ የሚፈልግ የኡራን ወጣት እንግዲህ ለሁለቱም ከተሞች ፌስቲቫል ሩቅ ነው። ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ታሪክ እየሰማ ያደገው በቦረንኛ ሲሆን ብዕር መያዝ የተማረው በኪስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገር በቀል ቋንቋዎችን የማሳደግ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ዐውደ ጥናቶቹ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚካሄዱት በእንግሊዝኛ ነው።

ናይሮቢ በዚህ ረገድ የምታስተምረው አላት። ኬንያዊው ደራሲ ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2002 ለአፍሪካ ደራስያን አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ካሸነፈ በኋላ በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር «ኳኒ?» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት መሠረተ። በመጽሔቱ የወጣው የኢቮን ኦዊዎር አጭር ልብ ወለድም በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ወሰደ። የኳኒ ፌስቲቫልና ዐውደ ጥናት የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል፤ በመጀመሪያ ረቂቅ ተቀብሎ የሚያርም አዘጋጅ ነበረ፣ ቀጥሎ የታተመ ሥራ መጣ፣ ድግሱ የኋላ ኋላ ደረሰ። ኦዊዎር በኋላ «ደስት» በተባለው ልብ ወለዷ የሰሜን ኬንያን በረሃማ ምድር መቼት አድርጋለች። መጽሐፉ ታላቅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ሰሜኑ ለናይሮቢ መጻሕፍት መቼት የመሆኑን ያህል ደራሲ አላበረከተም። የሰሜኑ ሰው ችሎታ አጥቶ አይደለም፤ ረቂቁን በገዛ ቋንቋው የሚያርምለት በማጣቱ ነው።

ቃላዊ ቅርስን ወደ ገጽ በማሻገር ረገድ የጋናዊው ገጣሚ የኮፊ አዎነር ሕይወት ትልቅ ትርጉም አለው። አዎነር የኤዌ ቃላዊ ገጣሚዎችን ሥራ ተርጉሞ በ1974 ለኅትመት ያበቃ፣ የራሱንም የእንግሊዝኛ ግጥም በኤዌ ሙሾ ቅኝት ያበጀ ሰው ነበር። በመስከረም 2013 ለስቶሪሞጃ ሄይ ፌስቲቫል ናይሮቢ በመጣበት ወቅት በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ በተፈጸመው ጥቃት ተገደለ። ቃሉን ከአያቶቹ ተቀብሎ ወደ ገጽ ያሻገረ መምህር ለሰሜን ኬንያ ወጣት ሊሰጥ ይችል የነበረውን ሳስብ ሐዘኑ ይከብደኛል።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የዐውደ ጥናት ሥርዓት በአብዛኛው የተወረሰው በ1936 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመው የደራስያን ዐውደ ጥናት ነው። በዚያ ልማድ ሥራው የሚተችበት ደራሲ ዝም ብሎ ይሰማል፤ እኩዮቹ በመምህሩ ፊት ሥራውን ይመረምሩታል። ይሁንና የአዮዋ ትምህርት ሁለት ዓመት ይፈጃል። ፌስቲቫሎች የወሰዱት ቅርጹን ነው፤ ጊዜውን ትተውታል። የኬን ሽልማት ከ2003 ጀምሮ ሲያካሂድ የቆየው ዐውደ ጥናት ከዚህ ይሻላል፤ ወደ ዐሥራ ሁለት የሚጠጉ ደራስያን ለዐሥር ቀን ያህል አንድ ቦታ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አጭር ልብ ወለድ ይጽፋሉ፤ ሥራቸውም በመድበል ይታተማል። ሽልማቱ በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ሥራ የሚሰጥ በመሆኑ ግን በሩ ለቦረንኛ ጠባብ ነው።

እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ ደራሲን በተከታታይ እርማት ማፍራት አዲስ ነገር አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ስማቸው የገነነው በቅኔ ቤታቸው ነው፤ ቅኔ ቤት ደግሞ ከነሙሉ ሥርዓቱ የድርሰት ዐውደ ጥናት ነው። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ እያደረ ቀን ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ቤቱ የጎደለበትን፣ ሰዋስው የተሳሳተበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን እዚያው ያርመዋል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ መታረሙ አይቋረጥም። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ዛሬ የታረመ ተማሪ ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመለሳል፤ ስለዚህ እርማቱ ፍርድ መሆኑ ቀርቶ ልምድ ይሆናል። የሚያርመው ሰው ደግሞ የቋንቋውን ሥርና ቅርንጫፍ ያውቃል። ቅኔ ቤት ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ደጃፉ ለሴቶች ጠባብ ነበር፣ በግእዝና በቤተ ክርስቲያን ዐጥርም ተወስኖ ቆይቷል። የጊዜ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር።

የካምፓላው ፌምራይት የሴቶችን ጉዳይ የሥራው መነሻ አድርጓል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ይህ የኡጋንዳ ሴት ደራስያን ማኅበር በየሳምንቱ ሰኞ የአንባብያንና የደራስያን ክበብ ያካሂዳል። ሰኞ የተተቸው ረቂቅ በሚቀጥለው ሰኞ ታርሞ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ ወንበርና ክፍል ይበቃል፤ ትልቅ በጀት አያሻውም።

ለኡራን ከሁሉ የቀረበው አብነት ግን ያለው በዚያችው በኬንያ፣ ሊሙሩ አጠገብ ካሚሪቱ በተባለ መንደር ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በ1977 «ንጋሂካ ንዴንዳ» የተባለውን ተውኔት በጊኩዩ ሲያዘጋጁ ረቂቁን ለመንደሩ ሰው አነበቡለት። ልምምዱ የሚካሄደው በአደባባይ ነበር። የእርሻ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ሽማግሌው እየመጡ ይመለከታሉ፤ ይህ ገጸ ባሕርይ በዚህ ዕድሜው እንዲህ አይናገርም፣ ያ ዘፈን በዚያ ዘመን የሚዘፈነው እንዲህ ነው እያሉ ያርማሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህርና ስመ ጥር ደራሲ የነበረው ንጉጊ በገዛ ቋንቋው ተማሪ ሆነ፤ ይህንንም በኋላ ራሱ በክብር ጽፎታል። ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዘውን የአየር ላይ ቴአትር ቤት የገነባውም ሕዝቡ ነው። መንግሥት የተውኔቱን ፈቃድ ከሳምንታት በኋላ ነጠቀ፤ በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊን አሰረ፤ ቴአትር ቤቱንም በ1982 አፈረሰው። እውነተኛ ዐውደ ጥናት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ቦረና ዘንድ ይህን የመሰለ የአራሚ ጉባኤ ሞልቷል። በኢትዮጵያ በኩል በዱብሉክ መሥመር ያሉትን ቱላ የተባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ያየ ሰው ያውቀዋል። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ በመሰላልና በእርከን ተደርድረው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ከብቱን እያወደሱ ይዘፍናሉ። ዜማው ከባልዲው ፍጥነት ጋር ካልተስማማ ሥራው ይፋለሳል፤ ስለዚህ ምቱን የሳተ ዘፋኝ ወዲያው ይታወቃል። በየ8 ዓመቱ በጋዮ በሚደረገው የገዳ ጉባኤም ከኬንያ ወገን የሚመጡ ቦረናዎች ይሳተፋሉ፤ ሕግ የሚነገረውም፣ የሚሻሻለውም በቃል ነው። የአባቶችን ታሪክ ከነትውልዱ በቃላቸው የሚያወርዱ አዋቂዎች በድንበሩ ግራና ቀኝ አሉ። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩ መልካም ነው፤ መዝገብ ግን ደራሲ አያፈራም።

ማርሳቢት የራሱ ፌስቲቫል እንዳለው አልዘነጋም። ከ2008 ጀምሮ በሎያንጋላኒ የሚካሄደው የቱርካና ሐይቅ የባህል ፌስቲቫል የካውንቲውን ሕዝቦች በዘፈን፣ በጭፈራና በአልባሳት ያገናኛል። ደም የተቃቡ ጎረቤታሞችን አንድ ሜዳ ላይ ማዋሉ ብቻውን ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጎብኚ ከሚያየው ጭፈራ ጎን አንድ ድንኳን ለተራኪና ለጸሐፊ ቢተከል ምን ይከለክላል?

በርግጥ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱም የፊደል ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ በኩል አፋን ኦሮሞ ከ1991 ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል፤ ትምህርት ቤቱም ጋዜጣውም በዚያው ሥርዓት ተደላድሏል። በኬንያ በኩል የሚታየው የቦረንኛ አጻጻፍ ደግሞ የተለየ ነው። ሁለት የሞያሌ ወጣቶች አንዱን ታሪክ ሲጽፉ ገጻቸው ሊለያይ ይችላል። ይህ የሚፈታው በአዋጅ ሳይሆን አብሮ በመጻፍ ይመስለኛል፤ አንድ መድበል በጋራ ያረሙ ሰዎች ስለ አጻጻፉ መስማማታቸው አይቀርም።

ስለዚህ ለናይሮቢና ለአዲስ አበባ ፌስቲቫል አዘጋጆች፣ ለኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር፣ ለቡሌ ሆራና ለቦረና ዩኒቨርሲቲዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ለሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ከምትመድቡት ገንዘብ ከፊሉን ወደ ሞያሌ አዙሩት። ከኡራን፣ ከሶሎሎና ከድንበሩ ወዲህ ካሉ ቀበሌዎች ወንዶችና ሴቶች ጸሐፊዎች በየወሩ እየተገናኙ በቦረንኛ የጻፉትን ያንብቡ። ታሪክ አዋቂ ሽማግሌዎችና የዘፈን አውራጅ ሴቶች እንደ መረጃ ምንጭ ሳይሆን እንደ አራሚ ይቀመጡ፤ አበላቸውም እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ ይከፈላቸው። በዓመቱ መጨረሻ መድበሉ ይታተም፤ ፌስቲቫሉም ያን ጊዜ ደራስያኑን ይጋብዝ።