ከልክ ያለፈ ውኃና የትራያትሎን ስፖርተኛ

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው መመሪያ ስፖርተኛው በላብ ያጣውን ውኃ ሁሉ እንዲተካ፣ ካልሆነም የቻለውን ያህል እንዲጠጣ ይመክር ነበር። መመሪያው የፈሳሽ እጥረትን ጉዳት ቢያስገነዝብም የትርፍ ውኃን አደጋ አቃልሎ አልፎታል። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተጉዞ ማራቶን በሚሮጥ የትራያትሎን ተወዳዳሪ ላይ ፀረ ሽንት ሆርሞን ሲጨምር፣ ኩላሊት ትርፉን ውኃ ማስወገድ ይሳነዋል፤ የደም ሶዲየም ሲያሽቆለቁልም አንጎል ያብጣል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የሶዲየም እጥረት ታይቶባቸዋል። ኮሌጁ በ2007 ምክሩን እንደየግለሰቡ የላብ መጠን አስተካክሏል። ሆኖም ከውድድር በኋላ አእምሮው ለተዛባ ስፖርተኛ ሶዲየሙ ሳይለካ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ያንኑ ስህተት መድገም ነው፤ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል።