ጠበሰ፣ ነቄ፣ ፋራ

በአራድኛ «ጠበሰ» ስንል ፍቅረኛ ያዘ ማለታችን ነው። ጣና ዳር ቀረሶ ሲቀርብልን «አሳውስ ተጠበሰ፣ አንተስ መቼ ትጠብሳለህ?» ተባብለን እንሳሳቃለን። ሰሙ መጥበሻ ላይ፣ ወርቁ ልብ ውስጥ! ይኸ ከዋሸራ ቅኔ ቤት ምን ያህል ይርቃል? «ነቄ»ም ከ«ነቃ» ተወልዳ የራሷን ጎጆ ወጥታለች። እነዚህን እናደንቃለን።

የማንወደው «ፋራ»ን ነው። «አራዳ» ድሮ የአዲስ አበባ ገበያ ሰፈር ስም ነበር፤ ኋላ የብልጥ ሰው ስም ሆነ፤ ከተሜ ያልመሰለው ሁሉ ደግሞ ፋራ ተባለ። እንግዲያው ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራው የጣና ሰውም ፋራ ነው? እኛ «አራዶቹ» ታንኳው ላይ ብንወጣ መገልበጣችን ነው! ደግሞስ ከመካከላችን ስንቱ የገበሬ ልጅ ነው? በዚች ቃል በሳቅን ቁጥር የምንስቀው በአባታችን ነው። ለመሳቅማ ሌላ ቃል አናጣም።