ጂፒኤስ ሲገዙ የሚገዙት ካርታ ነው፦ ከሊሙ ገነት መንገድ የተጻፈ ትችት

ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ ቡና የሚያመላልስ አንድ የአይሱዙ ሾፌር በቅርቡ ስልኩን አወጣና የማስታወቂያ ፎቶ አሳየኝ። ባለ 7 ኢንች ስክሪን፣ «አራት የሳተላይት ሲስተም የሚያነብ»፣ የኋላ ካሜራ በነጻ። «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ካርታ ያስተምሩ የለ? ይሄን ልግዛ ወይስ ሌላ የተሻለ አለ?» አለኝ።

«ግዛ» ወይም «ተው» ብዬ ባልፈው ይቀለኝ ነበር። ግን ማስታወቂያው ላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዳቸውም ይህ ልጅ የሚፈልገውን አይነግሩትም። እሱ የሚፈልገው፣ በዝናብ ማታ ከማያውቀው ቀበሌ እሸት ቡና ጭኖ ሲወጣ የትኛው መንገድ እንደሚያሳልፈው ማወቅ ነው። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቦካት ይጀምራል። መኪናው ጭቃ ላይ ካደረ የቡናው ደረጃ ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትችት በአንድ ዕቃ ላይ ሳይሆን በአመራረጣችን ላይ ነው። ጂፒኤስ ስንገዛ የምናወዳድረው መቀበያውን ነው፤ መንገድ ላይ የሚያስቀረን ግን ካርታው ነው።

ሰማዩ ለሁሉም እኩል ነው

በመጀመሪያ ጂፒኤስ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንለይ። ከምድር በላይ ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ 30 ገደማ የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉ። እያንዳንዳቸው «እኔ እዚህ ቦታ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» እያሉ በሬዲዮ ያለማቋረጥ ይናገራሉ። መኪናው ውስጥ ያለው መቀበያ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ይለካና ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጉታል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የመቀበያውን ርካሽ ሰዓት ለማረም። የሰዓት ነገር ቀላል አይደለም፤ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ቦታውን በ300 ሜትር ያዛባዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መቀበያው የሚያዳምጥ ብቻ ነው። ሲም ካርድም፣ የሞባይል ካርድም አይፈልግም። ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ጂፒኤሱም የጠፋ ይመስለዋል። የጠፋው ከኢንተርኔት ይመጣ የነበረው ካርታ ነው እንጂ ሳተላይቱ እዚያው አለ። ኔትወርክ የስልኩን ሥራ ያፈጥንለታል፤ ከሌለ ግን ትንሽ ቆይቶም ቢሆን ቦታውን ያገኛል።

ሁለተኛ፣ መቀበያው ዛሬ ርካሽ ሆኗል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ያቆመው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ እና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረዋል። ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ እንኳን ሰማዩ ክፍት ሲሆን ቦታውን በ5 ሜትር ገደማ ያውቃል፤ አብዛኛው አዲስ ስልክም እነዚህን ሲስተሞች ያነባል። «አራት ሲስተም» ተብሎ ተጨማሪ ብር የሚከፈልበት ምክንያት ብዙም የለም ማለት ነው።

ሊሙ ላይ ጥላ አለ አይደል? ቡናው በሰሳ፣ በዋንዛና በብርብራ ሥር ነው የሚበቅለው። እርጥብ ቅጠል ምልክቱን ያደክመዋል፤ ግንዱና ገደሉም ምልክቱን ያንጸባርቁታል። በዚህ የተነሳ 5 ሜትር የነበረው ስሕተት ይሰፋል። የማሳ ድንበር ለሚለካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሾፌር ግን ያን ያህል አይደለም፤ መኪና የሚሄደው መንገድ ላይ ስለሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ነጥቡን ስቦ ቅርብ ያለው መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል። መንገዱ ካርታው ላይ ካለ ማለቴ ነው።

ኪሎ ሜትሩ ልክ፣ ሰዓቱ ስሕተት

ከጅማ ሊሙ ገነት በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመኪና ግን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ተራራውና ሸለቆው ነው። ጂፒኤሱ በእነዚህ መካከል መንገድ የሚመርጠው እንዴት ነው?

ለመሣሪያው ካርታ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ዋጋ አለው፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ነው። ርቀቱን ለፍጥነት ያካፍላል፣ ከዚያ ትንሹን ድምር ይፈልጋል። የዚህ ስሌት መሠረት ኔዘርላንዳዊው የሒሳብ ሰው ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው። ዘዴው ድንቅ ነው፤ አይሳሳትም። ግን የሰጡትን ቁጥር ነው የሚደምረው።

ርቀቱ ከሳተላይት ፎቶ ስለሚለካ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ፍጥነቱ ግን ከየት ይመጣል? መንገዱ አስፋልት ይሁን ጠጠር ወይም ጭቃ ካርታው ላይ ካልተጻፈ፣ ፕሮግራሙ ከራሱ ግምት ይሞላል። በምሳሌ እንየው። 12 ኪሎ ሜትር አቋራጭ እና 24 ኪሎ ሜትር ዋና መንገድ አለ እንበል። መሣሪያው ለሁለቱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብሎ ከገመተ አቋራጩ 18 ደቂቃ፣ ዋናው 36 ደቂቃ ይሆናል። «ወደ ግራ ታጠፍ» ይላል። ሐምሌ ላይ ግን አቋራጩ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው የሚያስኬደው፤ ዋናው 30። አሁን አቋራጩ 60 ደቂቃ፣ ዋናው 48 ደቂቃ ሆነ። ሒሳቡ ሳይሳሳት ሾፌሩ ተሳሳተ። ይህም መኪናው ጨርሶ ካልቆመ ነው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ነሐሴ ላይ ስልኬ በአቋራጭ ላከኝና ቁልቁለቱ ሲያልቅ ከፊቴ የሞላ ወንዝ አገኘሁ። ድልድይ የለም። በቅሎ የሚነዱ አንድ አዛውንት ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የበጋ መንገድ ነው!» አሉኝ። ለመዞር የሚሆን ቦታ ስለሌለ ሽቅብ ወደ ኋላ ነድቼ ነው የወጣሁት።

እስቲ ያቺን ቃል እናስባት። «የበጋ መንገድ» እና «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ»። የወረዳ ሪፖርት ላይ አለ፣ ዜና ላይ አለ፣ ማንኛውም ገበሬ አፍ ላይ አለ። ለአሽከርካሪ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልዩነት ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት ነጭ መስመር ናቸው።

የትኛው ሊሙ? የትኛው ገነት?

ሌላው ችግር ስም ነው። «ሊሙ» ብለው ቢፈልጉ ጅማ ዞን ውስጥ ብቻ ሊሙ ኮሳ እና ሊሙ ሰቃ አሉ። ምሥራቅ ወለጋም ሊሙ አለ፤ አርሲ ደግሞ ሊሙ ቢልቢሎ አለ። «ገነት» ቢሉ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለችው ሆለታም ገነት ትባላለች። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ካርታ «ም»ን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በግዕዝ ፊደል ሲፈልጉት ያጡትን በላቲን ሊያገኙት ይችላሉ፤ ተቃራኒውም ይሆናል። እንግዲህ መሣሪያው «ተገኝቷል» ስላለ ብቻ መነሳት አያስፈልግም። ከተማዋ ከጅማ በሰሜን በኩል መሆኗን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው።

ከቢሮ የድሮ የወረቀት ካርታ አግኝተው ቁጥሩን ወደ ጂፒኤስ ለሚያስገቡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባል የመለኪያ መሠረት ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ደብሊውጂኤስ 84 ይባላል። መሣሪያው ላይ ምርጫውን ሳይቀይሩ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ከሰጡ ቦታው ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። ሊሙ ላይ 200 ሜትር ማለት የወንዙ ማዶ ማለት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይገዛ?

ገበያው ላይ ሦስት ምርጫ አለ።

የመጀመሪያው እንደ ጋርሚን ያለው ለመንገድ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነው። ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይታያል፣ ኔትወርክ አይፈልግም። ችግሩ ከውጭ ዘመድ የሚልከው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው። ለጋርሚን የኢትዮጵያን ካርታ ለብቻው መጫን ይቻላል፤ ትራክስ ፎር አፍሪካ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት የሚሸጠው አለ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ የሚዘጋጅ ነጻም አለ። የኢትዮጵያ ካርታ የማይጫንበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ውድ ቢሆን ኮምፓስ ነው።

ሁለተኛው ከመኪናው ጋር የሚመጣው ስክሪን ነው። ለጃፓን ወይም ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና የዚያን አገር ካርታ ይዞ ይመጣል። ሰሞኑን የበዙት፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም እንዲሁ ናቸው። ስክሪኑ ያምራል፣ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው። ኋላ የሚገጠመው የአንድሮይድ ስክሪን ደግሞ በአጭሩ ሲም የሌለው ትልቅ ስልክ ነው፤ ጥቅሙ ከሚጫንበት ካርታ አያልፍም።

ሦስተኛው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ ካርታው አስቀድሞ ከወረደበት። ጎግል ማፕስ አካባቢን ለይቶ ማውረድ ያስችላል፤ ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። «ኢንተርኔት አለኝ፣ ለምን አወርዳለሁ?» ለሚል፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ገደል ሥር ኔትወርክ ለማጣት ደግሞ መዘጋትም አያስፈልግም።

የእኔ ምክር ሦስተኛው ነው። ማስቀመጫና ቻርጀር ይጨመርበት፤ እየነዱ ስልክ መነካካት በሕግም የተከለከለ ነው፣ ለነፍስም አደጋ ነው። ሌላ ዕቃ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ደግሞ ሻጩ ፊት ይህን ይሞክር። ኢንተርኔቱ ይዘጋ። ከዚያ በደንብ የሚያውቋቸውን ሁለት መንገዶች፣ አንድ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ እና አንድ የበጋ መንገድ፣ ይጠይቁት። ሁለቱን ለይቶ ካወቀ ጥሩ ካርታ አለው። ካልለየ፣ ያንን መለየት የእርስዎ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚከፍሉትም ገንዘብ በዚያው ልክ ይታይ። መሣሪያው «16:30 ትደርሳለህ» ሲልም በእኛ አቆጣጠር 10:30 ማለቱ ነው። እሱም በበጋ ሒሳብ!

የሾፌሩን ዕውቀት ማን ይጻፈው?

«ሾፌሩ መንገዱን ካወቀው ጂፒኤስ ለምን ያስፈልገዋል?» የሚል ይኖራል። ለእሱ ላያስፈልገው ይችላል። ግን አምቡላንሱን አስቡት። ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰብ ይደውላል፤ «ከትልቁ ዋርካ አልፋችሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች» ይላል። የቆየው ሾፌር ወዲያው ይገባዋል። እሱ ተቀይሮ አዲስ ሰው የመጣ ቀን ግን ዕውቀቱም አብሮ ሄዷል። ካርታ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ያወቀውን ሌላው እንዲጠቀምበት።

እዚህ ላይ ትችቱ ወደ እኛ ወደ ምሁራኑ ይዞራል። በየዓመቱ ተማሪዎቻችን የተፋሰስ ካርታ፣ የደን ካርታ፣ የቡና መሬት ካርታ ይሠራሉ። ለዚያ ሲሉ በእነዚህ መንገዶች ላይ ይመላለሳሉ፤ ጭቃውንም ያውቁታል። ጽሑፉ ይመረቅና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ማንኛውም ሰው የሚያርመው ካርታ ነው፤ የመንገዱ ወለል ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታም አለው። ያ ቦታ ብዙ የገጠር መንገዶቻችን ላይ ባዶ ነው። ባዶ ያደረገው የውጭ ኩባንያ አይደለም። እኛ ስላልሞላነው ነው። በእርግጥ ማንም የሚያርመው ካርታ ማንም ሊሳሳትበት ይችላል፤ ስለዚህ በዓይን ያዩትን ብቻ መጻፍ ነው።

ከሾፌሩ ጋር አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ካርታውን ከፈትን። ጣቱን እያስኬደ «ይሄ ጠጠር ነው። ይቺ ከሰኔ እስከ መስከረም አትሞከርም። እዚህ ጋ ድልድዩ ለአይሱዙ አይሆንም» አለኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ በአንድ ዓመት የማይሰበስቡትን በሁለት ሰዓት ነገረኝ።

ሲነሳ «ታዲያ ስክሪኑን ልግዛ?» አለኝ።

«የኋላ ካሜራውን ከወደድከው ግዛ» አልኩት። «ለመንገዱ ከሆነ ግን አሁን ያስጻፍከኝን ስልክህ ላይ አውርደው።»