ተነጋግረዋል ወይስ ተደርድረዋል?

በአዲስ አበባው የሰባተኛ ሰፈር ኑሮ ላይ የተሠራ የቃለ መጠይቅ ጥናት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ስንት ሰው ተናገረ የሚለውን አይደለም፤ የተናገሩት ሰዎች እርስ በርስ ተመላልሰዋል ወይ የሚለውን ነው። አብዛኛው ጥናት «ኪራይ»፣ «ሥራ»፣ «ጤና» የሚል ርዕስ ያበጅና ከየሰዉ አንዳንድ ጥቅስ ይደረድርበታል። ሁሉም ይናገራል፤ ማንም ለማንም አይመልስም።

ጥሩ ሥራ በአንድ ጉዳይ ላይ ሰዎቹን ያፋጥጣል። ለምሳሌ ያህል በአዳር የሚከራይ ቆጥ እንውሰድ። ባለቤቲቱ «ከአውቶቡስ ተራ ወርዶ መግቢያ ያጣ ልጅ ነው፤ አስጠግቼዋለሁ» ትላለች። ተሸካሚው ልጅ ደግሞ «በየማታው ከፍዬ ነው የማድረው፤ እኔ ሌባ አይደለሁም» ይላል። ደካማ ተንታኝ የእሷን «መረዳዳት»፣ የእሱን «ድህነት» ከሚል ርዕስ ሥር ከትቶ ያልፋል። ጎበዙ እዚያው ይቆማል። ሌባ ነህ ያለው ማን ነው? ጠያቂው አላለውም። ልጁ የሚመልሰው በቦታው ለሌለ ሰው ነው፤ ምናልባት ዕቃ አሸክሞት ከኋላ ከኋላው ለሚከተለው ነጋዴ፣ ምናልባትም ለባለቤቲቱ ለራሷ። ተንታኙ ተመልሶ እነሱን ካነጋገረና መልሳቸውን ከልጁ ቃል አጠገብ ካኖረ ከባዱን ሥራ ሠርቷል። ልጁ ቀጥሎ «የታመምኩ ጊዜ ግን ሳልከፍል አሳድራኛለች» ቢልስ? ይህን ለድምዳሜዬ አይመችም ብሎ የጣለ ሰው ልጁንም ሴትዮዋንም አጉድሏቸዋል።

በአንድ ሰው ንግግር ውስጥ የሌላውን ድምፅ መስማት ያስተማረን ሩሲያዊው ሚኻይል ባኽቲን ነው፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ዶስቶየቭስኪ ባሳተመው መጽሐፍ። አንትሮፖሎጂስቱ ኦስካር ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው «የሳንቼዝ ልጆች» ላይ ደግሞ በሜክሲኮ ሲቲ የሚኖሩ አባትና አራት ልጆቹ የአንድ ቤትን ታሪክ በየራሳቸው አንደበት ይተርካሉ። እጅግ የምወደው ሥራ ነው። ሆኖም ሉዊስ የራሱን ጥያቄዎች ከመጽሐፉ አስወግዷቸዋል፤ ምን ተጠይቀው ያንን እንደመለሱ አናውቅም። ይህን ቀላል ጉድለት አልለውም።

ለየብቻ የተናገሩ ሰዎችን በአንድ ገጽ እንደ ቲያትር ማነጋገር ይቻላል፤ ነገር ግን ቃሉ የእነሱ፣ ቅደም ተከተሉ የተንታኙ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ለማያያዣ ብላ የገባች አንዲት «እሱስ ልክ ነው» ያልተስማሙትን ሰዎች ታስማማለች።

ደግሞም ሰባተኛን በመሰለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ቆርቆሮ በሚለይበት ሰፈር ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ባለቤቲቱ አንብባ «ይሄማ እሱ ነው» ካለች ልጁ ማደሪያውን ያጣል። ስለዚህ የትውልድ አገሩንና የሚሸከመውን ዕቃ ጭምር የቀየረ ተንታኝ ሳገኝ፣ ጥቅሱ ትንሽ ቢደበዝዝም እሱን አስቀድማለሁ።